ሳትነበብ የቀረችው ቅጠል

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ።

የሞጣ ሰዎች፣ እንደምን ዋላችሁ ብዬ አልጠይቃችሁም። አዋዋላችንን አብረን አይተነዋል። ከጉንደ ወይን በእግር የመጣችሁ፣ አላህ እርምጃችሁን ይቁጠርላችሁ። የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ከነተማሪዎችዎ ፀሐይ ላይ ቆመው አይቼዎታለሁ፤ እግዜር ያክብርልን። ከአጥሩ ወዲያ ያላችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ድምፄ ካልደረሳችሁ የሸኻችንን ልጅ ሙኒያን ጠይቋት። ከመጋረጃው ወዲያ ሆና የአባቷን ትምህርት ለሴቶቹ ስታደርስ ያደገች ልጅ ናት። ዛሬም ይህቺን ታድርስላችሁ፤ ከቻለች።

በመቃብሩ ላይ ተልቂኑ ተነብቧል። አፈሩ ተመልሷል። ሰዉ ወደየቤቱ ሊበተን ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን "እንድሪስ፣ አንድ ቃል በል" አሉኝ። እንድሪስ ልብስ ሰፊው። ግማሻችሁ አጎቴ የምትሉኝ፣ ግማሻችሁ ደግሞ ሱሪዬን አሳጠረብኝ እያላችሁ የምታሙኝ። ለዚህ ሥራ የተማረ ሰው ነበር የሚገባው። የተማረው ሰው ግን እዚህ ሥር ነው ያለው።

ሸህ አብዱልሐኪምን ዛሬ "እርሳቸው" እላለሁ። እኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ አንተ እያልኩ ስሟገታቸው የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፤ አንድ ገበያ ነው ያሯሯጠን። ተማሪዎቻቸው፣ እነዚህ ደረሶች፣ አንተ ስላቸው በዓይናቸው ሊበሉኝ ይደርሱ ነበር። እርሳቸው ግን "ተዉት፤ ይህ ሰው አንተ ሲለኝ ነው ገና በሕይወት መኖሬን የማውቀው" ይሏቸው ነበር። ስለዚህ ዛሬ እርሳቸው እላለሁ።

ሱቄን ታውቋታላችሁ። የሸሁን ማስተማሪያ ቤት፣ የሐድራውን ግድግዳ ተደግፋ የቆመች ናት። ከዚያኛው ወገን እርሳቸው ኪታብ ያስተምራሉ፤ ከዚህኛው ወገን እኔ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ። በመካከላችን ጭቃ ግድግዳ ነው። ከጉባኤው ገብቼ አንድ ቀን አልተቀመጥኩም። ፊደል የለየሁት በራሴ ነው፤ ጨርቅ ከተጠቀለለበት ወረቀት፣ ከስኳር ከረጢት። የቀረውን የነገረኝ ያ ግድግዳ ነው። ጥሩ ነገር ሲመጣ እግሬን ከመርገጫው አነሳለሁ። መኪናው ዝም ሲል፣ በዚያ በኩል "እንድሪስ እየሰማ ነው፤ ድገሙት" ሲሉ ይሰማኛል። ደረሶቹ ይደግሙታል። እኔም ሰምቼ ስጨርስ መኪናዬን እቀጥላለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ማን ነበሩ? ልንገራችሁ? ታውቋቸዋላችሁ። ቢሆንም ልንገራችሁ፤ ዛሬ ስለ እርሳቸው የማይወራበት ደቂቃ ያስፈራኛል።

ያንን መውሊድ የማታስታውሱ አላችሁ? ጀለቢያቸውን እንድጠግነው አመጡልኝ። ጠገንኩት። ሰይጣኔ ግን አላስቀመጠኝም፤ የሁለቱንም እጅጌ ጫፍ ሰፍቼ ዘጋሁት። በማግስቱ ይህ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ለዱዓ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እጅ የለም። ሁለት ከረጢት ወደ ሰማይ ቆመ። እርሳቸው ከረጢቶቹን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "አላህ ሆይ፣ እጄን የሰፋብኝን ሰው አፉን ስፋልኝ" አሉ።

አሚን አላችሁ። ሁላችሁም አላችሁ። እኔም አልኩ። ዱዓው ሳይደርስ ቀርቶ ይኸው ዛሬም አወራለሁ። ምነው ያኔ በደረሰ ኖሮ። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ ምክንያቱን ትሰሙታላችሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላስ? መንዙማው ሲጀመር ድቤውን ለማንም አይሰጡም ነበር። አመታታቸውን ግን ታውቃላችሁ። እጃቸው ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰሚው ሁሉ በአንድ በኩል፣ ድቤው በሌላ በኩል። "አብዱልሐኪም፣ ድቤው ምን በደለህ?" እላቸዋለሁ። "እኔ አልዘገየሁም፤ እናንተ ናችሁ የቸኮላችሁት" ይላሉ። እያደር ምን ሆነ? ጀማዓው በሙሉ መዘግየት ለመደ። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ሲሰማን ግራ ይገባዋል፤ እኛ ግን አብረን ዘግይተን፣ አብረን እንደርሳለን። በሚመጣው ሐሙስ ድቤውን ሌላ ሰው ይይዘዋል። በልኩ ይመታዋል። ያኔ ነው የምናለቅሰው። ድቤው ልክ ሲሆን።

የኔታ፣ የዚያን የቁራሹን ነገር ላንሳው? የእርስዎ ተማሪና የእኛ ደረሳ ለልመና ወጥተው፣ በአንድ ደጃፍ ተገናኝተው፣ በአንድ ቁራሽ ተጣሉ። የቤቱ እመቤት ወለተ ኢየሱስ ሁለቱንም በማማሰያ አባረረቻቸው። ሁለታችሁም መምህራን በእኔ አግዳሚ ላይ ቁጭ አላችሁና ፈረዳችሁ። ለአንድ ሳምንት የቆሎ ተማሪው የለመነውን ለደረሳው፣ ደረሳው የለመነውን ለቆሎ ተማሪው ይስጥ አላችሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሁለቱም ወፍረው መጡ። እርሳቸውም "ሰው ለራሱ ሲለምን ድምፁ ያፍራል፤ ለሌላው ሲለምን ግን አያፍርም" አሉ። የኔታ፣ እርስዎ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የዚያ ቃል ክብደት የገባኝ ትናንት ነው።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር እመጣለሁ።

የሐድራችንን ልማድ ለማታውቁ እንግዶች ላስረዳ። አንድ ደረሳ ትልቁን ኪታብ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ፣ ቅጠል በቅጠል ሲያነብ ዓመታት ይፈጃል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን አያስጨርሱትም። የመጨረሻዋን ቅጠል ያስቀሩበታል። "አደራ" ይሏታል። በዚያች ቅጠል ላይ ነጭ ክር ይደረጋል፤ ክሩን የምሰጠው እኔ ነኝ። ደረሳው አደራውን አስቀርቶ አገሩ ይሄዳል፤ ሕፃናት ሰብስቦ ያስተምራል፤ ትዕግሥቱ ይታያል። ከዚያ ይመለሳል። ቅጠሏን መምህሩ በጆሮው ያነቡለታል፤ እሱም መልሶ ያነብላቸዋል፤ የማስተማር ፈቃዱን፣ ኢጃዛውን፣ ያኔ ይቀበላል። "ቅጠል የቀረበት ይመለሳል" ይባላል በእኛ ዘንድ። ፊደሉማ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ማንም ያነበዋል። የትምህርቱ ሰንሰለት ግን ወረቀት ላይ አይደለም። ከአፍ ወደ ጆሮ ነው።

መንገድ ቢዘጋስ? መምህሩ ቢታመሙስ? ለዚያም ልማድ አለን። የታመነ ሰው ቅጠሏን በጆሮው ተቀብሎ፣ ደረሳው እስኪመጣ በቃሉ ይዞ ይቆያል። እርሳቸው ራሳቸው የራሳቸውን አደራ የተቀበሉት ከመምህራቸው ቤት ውኃ ትቀዳ ከነበረች ሴት ነው። መምህሩ ሲሞቱ ለእሷ ነግረዋት ነበር። ሰባት ወር ሙሉ፣ እንስራ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ፣ ቃሉ እንዳይጠፋት እየደጋገመች ጠበቀችላቸው። አንድም ቃል አልጎደለም። ስሟን በየዱዓው ሲያነሱ ሰምታችኋል።

ትልቁን ኪታብ ከእርሳቸው የጨረሱ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ሞቱ። አንዱ ዓረብ አገር ሄዶ ወሬው ጠፋ። አራተኛው ሙጀሂድ ነው። ይኸው፣ ከየኔታ አጠገብ የቆመው፣ እግሩ አቧራ የለበሰው። ዘጠኝ ዓመት ከእርሳቸው ጋር ኖሮ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አደራውን አስቀርቶ ወደ አገሩ ወደ ቢቸና ሄደ። በአባቱ ጎተራ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ያስተምራል። ሊመለስ በተነሳ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ስልክም እንደምታውቁት ነው፤ አንድ ሰዓት ይመጣል፣ አንድ ወር ይጠፋል።

እርሳቸውስ? በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። "አጎትህ ሆኜ ሽማግሌ ልላክልህ? ሙሽራ የምትጠብቅ ልጃገረድ መሰልክ እኮ" እላቸዋለሁ። "ቅጠል የቀረበት ይመለሳል" ይላሉ። ሌላ አይሉም። ጉልበታቸው ደክሞ እስከ ድንጋዩ መድረስ ሲያቅታቸው፣ እስከ እኔ አግዳሚ። አግዳሚው ሲያቅታቸው፣ እስከ በሩ። በሩ ሲያቅታቸው፣ አልጋቸውን ወደ በሩ አዞርንላቸው።

የዛሬ ሦስት ቀን፣ ከዐስር በኋላ፣ አስጠሩኝ።

"እንድሪስ፣ ኪታቡን አውርደው" አሉኝ። አወረድኩት።

"የሙጀሂድን ቅጠል በአንተ ጆሮ ላኑራት። ሲመጣ ታደርስለታለህ።"

"እኔ? እኔ ደረሳ አይደለሁም።"

"ከግድግዳው ወዲያ የተማርከውን የማላውቅ መሰለህ? ሠላሳ ዓመት ከጉባኤዬ ያልቀረ ሰው አንተ ብቻ ነህ።"

የሞጣ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ነገር የተነገረው ሰው ምን ያደርጋል? ይንበረከካል። ጆሮውን ይሰጣል። እኔ ምን አደረግሁ? ቀለድኩ። "አብዱልሐኪም፣ ሞት ሰበብ ይፈልጋል፤ እኔ ሰበብ አልሆንልህም። ቅጠሏን ዛሬ ካወረስከኝ ነገ ጥለኸኝ ትሄዳለህ" አልኳቸው። ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ኪታቡን መልሼ ሰቀልኩት።

በማግስቱ ደገሙት። "መነጽሬን አልያዝኩም" አልኩ።

"በጆሮ ነው እንጂ በዓይን አይደለም" አሉ።

"የእኔ ጆሮ ያለ መነጽር አይሰማም።"

ደግሞ ሳቁ። ሳቃቸውን ስሰማ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ገባችሁ? አደራ የቀረበት ሰው ይመለሳል፣ አደራ ያላወረሰ መምህርም አይሄድም ብዬ ነው። ቅጠሏን እስካልተቀበልኩ ድረስ አይሞቱም ብዬ ነው። ጆሮዬን ዘግቼ በሩን በሞት ላይ የዘጋሁበት መስሎኝ ነበር። ውኃ ቀጅዋ ሰባት ወር የተሸከመችውን፣ ልብስ ሰፊው ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አልሸከምም አልኩ።

ትናንት ሄድኩ። ሳይጠሩኝ ሄድኩ። ድምፃቸው አልነበረም። በጣታቸው ኪታቡን አሳዩኝ። አወረድኩት። ነጩ ክር ያለበትን ገለጥኩት። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ከአፋቸው ላይ አደረግሁ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቃል የለም። ትንፋሽ ነው። ሙቅ ትንፋሽ ብቻ።

"ድገመው" አልኳቸው። "አብዱልሐኪም፣ መኪናዬ ቆሟል። እየሰማሁ ነው። ድገመው።"

አልደገሙትም። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና፣ ክሩን እዚያው እንዳለ፣ ኪታቡን ራሳቸው ከደኑት። ዛሬ ንጋት ላይ፣ ሱብሒ እንደተሰገደ፣ ሄዱ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ አባቶቻችን። የእኔስ በምን ይታሻል?

ዛሬ ጠዋት ከፈናቸውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የሕይወታቸውን ልብስ ሁሉ እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ለሠርጋቸው፣ ለመውሊዱ፣ ለበዓሉ። ለዛሬው ግን መርፌ አልነካሁም። ከፈን አይሰፋም። ይቆረጣል እንጂ አይሰፋም። እጄ ለልማዱ ሁለት ጊዜ ወደ መርፌው ሄዶ ሁለት ጊዜ መለስኩት።

ጀናዛው ሲወጣ የሆነውን አብራችሁኝ አይታችኋል። ያላየ ይስማ። ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ እያለፈ ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ፣ አንድ መንገደኛ ከፊት ለፊት መጣ። ሁለት ቀን በእግሩ የተጓዘ። ሰላም እንኳ ሳይል ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አገባ። የእኛ ወግ ነው፤ ጀናዛ ያገኘ ሰው የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይሸከማል። ሙጀሂድ ነበር። አርባ እርምጃ ያህል ተሸከመ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ሰው "ማንን ነው የተሸከምነው?" አለው።

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ያኔ ገባው። ትከሻውን አላወጣም። ተራ ሊቀበለው የመጣውን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ እምቢ እያለ፣ እስከዚህ ድረስ ተሸክሟቸው መጣ።

ሙጀሂድ፣ ልጄ። እስካሁን አልጠየቅኸኝም። ጨዋ ስለሆንክ ነው። ግን ዓይንህ ይጠይቀኛል፤ "ሸኻችን ለእኔ ምን አኖሩ?" ይለኛል። አንተ ሳትጠይቅ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በእርሳቸው ራስጌ ልመልስልህ። ሊያኖሩልህ ሦስት ጊዜ ሞክረዋል። ጆሮ ያጡት በእኔ ነው። እርሳቸው አልረሱህም። መንገዱም ብቻውን አልበደለህም። እኔ ነኝ። የዘጠኝ ዓመትህን መጨረሻ በቀልድ ያስቀረሁብህ እኔ ነኝ።

በቀብር ላይ "ለሟች አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት" ይባላል። ለእርሳቸው አውፍ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ በእርሳቸው ያዘነ ካለ ግን አውፍ ይበላቸው። እኔ አውፍ የምለምነው ለቋሚ፣ ለራሴ ነው። ዛሬ ስጠኝ አልልህም። ሲቻልህ።

ከእንግዲህ ምን ይደረግ? ሰንሰለቱ ተቆረጠ ወይስ አልተቆረጠም? ይህን ሽማግሌዎቹ ይምከሩበት፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኪታቡ ግን ይኸው። ሙኒያ አባቷ በከደኑት ሁኔታ ሰጥታኛለች። ክሩ አልተነካም። ያዘው። አፈሩን ስንመልስ፣ ለአሥራ አንዱ ልጆች ከጀመርኩላቸው ትንሽ ኪታብ የመጨረሻዋን ቅጠል አስቀርቼባቸው መጣሁ ብለኸኛል። እንግዲያው መሄድህ አይቀርም። ይጠብቁሃል። ከፍ ከፍ ሲሉ ይህን ትልቁን አስጀምራቸው። ክሩ ያለበት ስትደርስ ግን አቁም። "ከዚህ በኋላ ያለውን መምህሬ አስቀርተውብኛል" በላቸው። አትፈር። ለሠላሳ ዓመት ግድግዳው ሲነግረኝ የኖረው ይህን ነበር፦ ቅጠል የቀረበት ይመለሳል። ዛሬ ደግሞ ያስቀሩት እርሳቸው ናቸው። ታዲያ የሚመለሰው ማን ነው? እኛ ነን። አንተም፣ እኔም፣ ይህ ሁሉ ሰው። ወደ እርሳቸው። በየተራችን።

አሁን ሁላችሁም ትንሽ ዞር በሉልኝ። ለጓደኛዬ አንድ ነገር ልንገረው።

አብዱልሐኪም። እርሳቸው ማለት እዚህ ላይ ይበቃኛል። አንተ ስልህ ነበር አይደል በሕይወት መኖርህን የምታውቀው? አንተ። አንተ። አንተ ልጅ። ይኸው ሦስት ጊዜ ጠራሁህ፤ ሦስት ጊዜ አደራህን እንዳቀረብክልኝ።

ሙጀሂድ መጥቷል። እስከ ድንጋዩ አልወጣህለትም እንጂ መጥቷል። ትከሻው ላይ አርባ እርምጃ ሳያውቅህ፣ የቀረውን እያወቀህ ተሸክሞሃል። ልጅህ ሙኒያ ከአጥሩ ወዲያ ናት፤ ዝም ብላለች። ዘንድሮ የመውሊድ ልብስህን ቆርጬ ነበር፤ እጅጌው ክፍት ነው።

ሂድ ወንድሜ። ጌታህ በመልካም ይቀበልህ። በመካከላችን የነበረው ጭቃ ግድግዳ ነበር፤ ይህም ያው አፈር ነው። እኔ በዚህኛው ወገን ነኝ። እግሬን ከመርገጫው አንስቻለሁ።

እየሰማሁ ነው።